ሜጀር ቴይለርን በብስክሌት ማሰብ፦ ዓመታዊ ጉዞውን በከተማችሁ እንዴት ትጀምራላችሁ?

ሜጀር ቴይለርን የማታውቁት ካላችሁ ባጭሩ ላስተዋውቃችሁ። ሙሉ ስሙ ማርሻል ዋልተር ቴይለር ነው፤ ጥቁር አሜሪካዊ የብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1878 ኢንዲያናፖሊስ ተወለደ። ልጅ እያለ የወታደር ልብስ ለብሶ ብስክሌት መሸጫ ደጃፍ ላይ ትርኢት ያሳይ ስለነበር "ሜጀር" አሉት፣ ስሙም በዚያው ቀረ። በ1899 ሞንትሪያል ላይ በአንድ ማይል ውድድር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ልብ በሉ፣ ያኔ ዝነኛው ጥቁር አሜሪካዊ ሯጭ ጄሲ ኦውንስ ገና አልተወለደም። በፕሮፌሽናልነት የጀመረው ደግሞ በ1896 መጨረሻ፣ ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ነው፤ እኛ አድዋ ላይ ድል ባደረግንበት ዓመት ማለት ነው። ግንኙነት የላቸውም፣ አውቃለሁ። ግን ባሰብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል።

አሜሪካ ውስጥ በስሙ የሚጠሩ የብስክሌት ክለቦች በየከተማው አሉ፤ የመጀመሪያው በ1979 ኮለምበስ፣ ኦሃዮ የተቋቋመው ነው። ለዓመታት የኖረባት ዉስተር፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ደግሞ በየዓመቱ ብስክሌተኞች እሱ ይለማመድባት በነበረች አንዲት ዳገት ላይ ይሰበሰባሉ። ዲሲ አካባቢም ሆነ ዴንቨር፣ ሲያትልም ሆነ ዳላስ ያላችሁ የእኛ ልጆች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብስክሌት የምትነዱ ጓደኞች ካላችሁ፣ ይህን ነገር በከተማችሁ መጀመር ትችላላችሁ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በሚቀጥለው ዓመት መድገም የምትችሉትን ያህል ብቻ መሥራት ነው። አንድ ጊዜ በማይክራፎንና በባነር ደምቆ ሁለተኛ ዓመት ላይ የጠፋ ዝግጅት ስንቱን አይተናል! ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ስታነቡ "ከርሞስ ይህን እናደርገዋለን?" እያላችሁ አንብቡ።

1. ቀኑን ቁረጡ

ሁለት የሚያመቹ ቀኖች አሉ። የሞተው ጁን 21 ቀን 1932 ነው፤ በእኛ ሰኔ 14 ላይ ይውላል። የተወለደው ኖቬምበር 26፣ ማለትም ኅዳር 17 ነው። የኅዳሩ ብርድ ስለሚሆንና ከታንክስጊቪንግ ጋር ስለሚጋጭ እርሱት። ሙት ዓመት ማሰብ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ለጁን 21 የሚቀርበውን ቅዳሜ ያዙ።

ለምን ቅዳሜ? ቴይለር ጥብቅ ክርስቲያን ነበር። እሑድ አልወዳደርም ብሎ ጥሩ ጥሩ ክፍያ ትቷል፤ አውሮፓ ድረስ ሊወስዱት የፈለጉ አዘጋጆች በዚህ የተነሳ ብዙ ተከራክረውታል። እሱን ለማሰብ ብላችሁ እሑድ ጠዋት ሰው ብትጠሩ ነገሩ አያምርም። ከዚያም በላይ ግማሹ የእናንተ ሰው እሑድ ቅዳሴ ላይ ነው፤ ማን ይመጣላችኋል?

ሰዓቱን ማለዳ 1 ሰዓት አድርጉት፤ በፈረንጁ 7 ሰዓት። ጁን ላይ ከ4 ሰዓት በኋላ ያለው ሙቀት አዲስ ጀማሪን ይጥላል። ደግሞ ማስታወቂያው ላይ የሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ፤ አለበለዚያ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ "የት ናችሁ?" የሚል ስልክ ይደወላል።

2. መንገዱን ምረጡ

ሰዎች እዚህ ላይ ይቸኩላሉ። ካርታ ከፍተው መስመር ያሰምሩና አለቀ ይላሉ። መንገዱን ከሳምንት በፊት፣ በዚያው ቀንና በዚያው ሰዓት ሄዳችሁ ንዱት። ካርታ ላይ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ የተቆፈረ አስፋልት ይኖራል። ፓርኩ መግቢያ ላይ ያለው የውሃ ቧንቧ አይሠራ ይሆናል። ሽንት ቤቱ ቅዳሜ እስከ 3 ሰዓት ተቆልፎ ይቆይ ይሆናል። እነዚህን ሁሉ ቀድማችሁ እዩ፣ መዝግቡ።

ርዝመቱ ደርሶ መልስ ከ15 እስከ 20 ማይል ቢሆን ይበቃል። ከዚያ ከረዘመ አዲስ ሰው አይመጣም፣ ካጠረ ደግሞ የለመዱት ልጆች ያኮርፋሉ። የሚያኮርፉት ይሻላሉ፤ ሲፈልጉ ጨርሰው ሌላ ዙር ይጨምሩ።

ከመኪና የራቀ መንገድ ፈልጉ። ዲሲ አካባቢ ላላችሁ ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ ያለው ቢች ድራይቭ፣ በላይኛው በኩል ዓመቱን ሙሉ ለመኪና የተዘጉ ክፍሎች አሉት፤ ጥላም አለው። አሌክሳንድሪያ ላላችሁ ማውንት ቨርነን ትሬል አጠገባችሁ ነው፤ ግን ጠባብ ስለሆነና ቅዳሜ እግረኛ ስለሚበዛበት ለትልቅ ቡድን አይመችም። ቺካጎ ያላችሁ ታድላችኋል፤ በደቡብ በኩል በራሱ በሜጀር ቴይለር ስም የተሰየመ ከ7 ማይል በላይ የሚሄድ የብስክሌት መንገድ አለላችሁ። ኢንዲያናፖሊስ ያላችሁ ደግሞ ከ1982 ጀምሮ በስሙ የሚጠራውን የውድድር ትራክ መነሻ ወይም መድረሻ አድርጉት።

መንገዱ ውስጥ አንድ ዳገት ይግባ። ዳገቱ የዚህ ጉዞ ዋና ነገር ስለሆነ ለብቻው ልምጣበት።

3. ዳገቱ

ዉስተር መሃል ከተማ ጆርጅ ስትሪት የምትባል አጭር መንገድ አለች። ርዝመቷ 500 ጫማ ነው፣ 150 ሜትር ገደማ። አቀበቷ ግን 18 በመቶ ነው፤ 100 ሜትር በሄዳችሁ ቁጥር 18 ሜትር ወደ ላይ ትወጣላችሁ ማለት ነው። ቴይለር ለሥልጠና ይወጣት ነበር። ዛሬ በየዓመቱ ለእሱ መታሰቢያ የሚደረገው ውድድር እዚቹ ላይ ነው፤ አንድ በአንድ፣ ከሰዓት ጋር። ፈጣኖቹ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ይጨርሱታል። ሌላው ሰው ግን የፈለገውን ያህል ያቃስታል፣ ተመልካቹ ግራና ቀኝ ቆሞ ይጮህለታል። ሐሳቡን የወደድኩት ለዚህ ነው፤ ሕፃንም፣ ሽማግሌም፣ የጭነት ብስክሌት የያዘም ሊሞክረው ይችላል፣ ማንም ሰው ኋላ አይቀርም።

እናንተም እንዲህ ያለ አጭር ዳገት ፈልጉ። 18 በመቶ ባታገኙ 8 ወይም 10 ይበቃል። ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ ከጫፉ በኋላ ፍጥነት መቀነሻ ሜዳ ይኑረው፤ ጫፉ ላይ መስቀለኛ መንገድ ካለ ተዉት። ሁለተኛ፣ መኪና የሚያልፍበት ከሆነ ከተማው እንዲዘጋላችሁ ጠይቁ፣ ካልዘጋ ፓርክ ውስጥ ሌላ ፈልጉ። "ቶሎ ቶሎ እንጨርሳለን" ብሎ ክፍት መንገድ ላይ ሰዓት መያዝ አይሠራም፤ ሰው ሰዓት ሲያዝለት መኪና አያይም።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሰው ታች፣ አንድ ሰው ላይ ይቁም። ሁለቱ በስልክ ተደዋውለው መስመሩን ክፍት ያድርጉት። የታችኛው "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሂድ" ሲል የላይኛው ሰዓቱን ይጀምራል። ከተቻለ ላይ ሁለተኛ ሰዓት ያዥ ይኑር፤ አንዱ ሲዘናጋ ሌላው ይዟል። ሦስተኛ ሰው ታች ሆኖ መቀመጫውን ከኋላ ይይዛል፣ ምክንያቱም ዳገት ላይ ከቆመበት እግሩን ፔዳል ላይ አድርጎ መነሳት ለብዙ ሰው አስቸጋሪ ነው።

ለሚወጣው ሰው ደግሞ ይህን ንገሩት። ማርሹን ሳይነሳ ያቅልል፤ ዳገቱ መሃል ላይ በሙሉ ጉልበት እየረገጠ ማርሽ ቢቀይር ሰንሰለቱ ይወልቃል። ብድግ ብሎ ሲነዳ በጣም ወደ ፊት ካዘነበለ የኋላ ጎማ ይንሸራተታል፣ ወደ ኋላ ከተቀመጠ ደግሞ የፊት ጎማ ከመሬት ይነሳል። ደረቱን ወደ መሪው ዝቅ አድርጎ፣ መቀመጫውን ሳይለቅ፣ ጫፉን ሳይሆን ከፊቱ ያሉትን ጥቂት ሜትሮች እያየ ይውጣ። ቴይለር ማርሽ በሌለው ብስክሌት እንደወጣት ንገሩት፤ ያኔ ሰው ማማረሩን ይተዋል።

4. ፈቃድና መድን

አሰልቺ ነው፣ ግን አይዘለልም። መንገዱ የማን እንደሆነ እወቁ። ለምሳሌ ሮክ ክሪክ የፌዴራል ፓርክ ስለሆነ የሚጠየቀው የዲሲ ከተማ ሳይሆን የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። ሌላ ቦታ ካውንቲው ወይም ከተማው ይሆናል። ስትጠይቁ ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ ድንኳን ወይም ምግብ ትኖር እንደሆነ፣ መንገድ ይዘጋ እንደሆነ በግልጽ ጻፉ። ቢያንስ ከ3 ወር በፊት ጀምሩ። ጥቂት ሆናችሁ ከሆነ ምናልባት ፈቃድ አያስፈልጋችሁም ይሏችኋል፤ ያን መልስም ቢሆን በጽሑፍ ያዙት።

መድኑን በተመለከተ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ዛሬ ለአባል ክለቦች የመድን አማራጭ የሚያቀርበው የአሜሪካ ብስክሌተኞች ሊግ፣ በ1894 ጥቁሮች አባል እንዳይሆኑ ሕግ ያወጣው ያው ድርጅት ነው። ክልከላውን በይፋ ያወገዘው በ1999 ነው። ስለዚህ የእናንተ ቡድን በቴይለር ስም ተመዝግቦ ከዚያ ድርጅት መድን ቢገዛ... እኔ በበኩሌ እስቃለሁ።

የኃላፊነት ቅጽ አዘጋጁና ሰው ሳይነሳ ይፈርም። የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ስልክ የሚጻፍበት ቦታ ይኑረው።

5. ሰው ጥሩ

ዋትስአፕና ቴሌግራም ላይ የምትለጥፉት አጭር ይሁን። ቀን፣ ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር፣ መነሻው ከነመኪና ማቆሚያው፣ ርዝመቱ፣ ፍጥነቱ። ፍጥነቱን በቁጥር ጻፉ፦ "በሰዓት ከ10 እስከ 12 ማይል፣ ማንንም ጥለን አንሄድም።" "ቀስ ብለን ነው የምንሄደው" የሚል ቃል ምንም አይነግርም፤ የአንዱ ቀስታ ለሌላው ሩጫ ነው። ሄልሜት የሌለው አይነሳም የሚለውን አስምሩበት።

ሴቶች እንዲመጡ ከፈለጋችሁ ከአዘጋጆቹ መካከል ሴቶች ይኑሩ፣ በማስታወቂያው ላይም የሚደወልላት ሴት ትኑር። እናቶችና አባቶችንም ጥሩ፤ መንዳት ባይችሉ ዳገቱ ላይ ቆመው እልል ይበሉ። ልጆች ስላሉ አንድ ማይል የማይሞላ የልጆች ዙር ጨምሩ።

6. የጠዋቱ ፍተሻ

ከመነሳታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት አንድ እጀ ብልህ ሰው ፓምፕና ቁልፍ ይዞ ይቁም። ብዙው ብስክሌት ክረምቱን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ የከረመ ነው። ጎማውን በጣት ተጭነው ይዩት፣ ጎኑ ላይ በተጻፈው ልክ ይንፉ። ሁለቱንም ፍሬን ጨብጠው ብስክሌቱን ወደ ፊት ይግፉት፤ ጎማው ከተሽከረከረ ፍሬኑ አልያዘም። ጎማውን ከብስክሌቱ ጋር የሚያስረውን ማጥበቂያ ይመልከቱ፣ ጠበቅ ያለ መሆኑን። ብስክሌቱን ትንሽ አንስተው ይልቀቁት፤ የሚንኳኳ ነገር ካለ ይሰማል። መቀመጫው የወረደ ካለ ከፍ ያድርጉለት፣ ጉልበቱ ይድናል።

7. መንገድ ላይ

ሦስት ሰው መድቡ። መሪው ከፊት ይሄዳል፣ ማንም አያልፈውም፤ ያለፈው ሰው የራሱን ጉዞ እየሄደ ነው፣ አትጠብቁት። አንዱ መሃል ሆኖ ሰው ይቆጥራል። መጨረሻ የሚሄደው ደግሞ ከሁሉም ጠንካራው ይሁን። ብዙ ቡድን ጠንካራውን ከፊት ያደርጋል። ከኋላ ጎማ የሚቀይረው፣ የደከመውን የሚያጫውተው፣ አንዳንዴም ጀርባውን ይዞ ዳገት የሚያወጣው ያ ሰው ነው። መለዋወጫ የውስጥ ጎማ፣ ፓምፕና የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ እሱ ጋ ይሁን።

ሹክሹክታ አይሠራም፤ ጮክ በሉ። "ጉድጓድ!" "ቀስ!" "መኪና ከኋላ!" እግረኛ ስታልፉ ግን በእንግሊዝኛ "ኦን ዮር ሌፍት" በሉ፤ በአማርኛ ብትጮሁበት ይደነግጥና ወደ እናንተ ይገባል።

8. ቆማችሁ አስቡት

ከዳገቱ በኋላ፣ ሰው ትንፋሹን ሲሰበስብ፣ ሁሉም ብስክሌቱን አስተኝቶ ይቁም። የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት አድርጉ። ከዚያ አንድ ሰው ስለ ቴይለር ይናገር፣ ከ5 ደቂቃ አይበልጥ። ንግግሩን ተናጋሪ ለሚባሉ ሰዎች አትስጡ፤ 40 ደቂቃ ይወስዳሉ። ለአንድ ወጣት ስጡት፣ በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ ይናገር።

ሕይወቱን ከመወለዱ እስከ መሞቱ አትዘርዝሩ። በየዓመቱ አንድ ታሪክ ብቻ ይነገር። ዘንድሮ የ1897ቱ ይሁን፦ ማሳቹሴትስ፣ ቶንተን ላይ ውድድር እንዳበቃ አንድ ነጭ ተወዳዳሪ ከብስክሌቱ ጎትቶ አንቆት ራሱን እስኪስት ድረስ እንደያዘው፣ እሱ ግን በሁለት ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን እንደሆነ። ከርሞ የፓሪሱን፦ በ1901 ከፈረንሳዩ ሻምፒዮን ኤድሞን ዣክለን ጋር የተፋለመበትን። ሌላ ዓመት በ1899 ቺካጎ ላይ ከፊቱ በሚሄድ የእንፋሎት ሞተር እየተመራ አንዱን ማይል በ1 ደቂቃ ከ19 ሴኮንድ የጨረሰበትን፣ በሰዓት ወደ 73 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው።

የአሟሟቱ ታሪክ ግን ከነዚህ ሁሉ ይከብዳል። ያን ሁሉ ገንዘብ አግኝቶ፣ አውሮፓንና አውስትራሊያን ዞሮ፣ በመጨረሻ ንብረቱ አለቀ። የሕይወት ታሪኩን በራሱ ገንዘብ አሳትሞ በየቤቱ እየዞረ ይሸጥ ነበር። ቺካጎ ውስጥ በሕዝብ ሆስፒታል፣ ለድሆች በተመደበው ክፍል፣ በ53 ዓመቱ ሞተ። ሬሳውን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ስም በሌለው የድሆች መቃብር ተቀበረ። በ1948 የቀድሞ ተወዳዳሪዎች ከብስክሌት አምራቹ ፍራንክ ሽዊን ባገኙት ገንዘብ አፅሙን አውጥተው፣ እዚያው ማውንት ግሌንዉድ መካነ መቃብር ውስጥ ሐውልት ባለበት ቦታ አሳረፉት። ሬሳን አገር ቤት ለመላክ ዕቁብና እድር ሰብስቦ ለሚሯሯጥ ማኅበረሰብ ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። በአምስተኛው ዓመት ይነገር። እስከዚያ ሰው ይለምደዋል።

9. ምግቡ

ጁን 21 ብዙውን ዓመት የሐዋርያት ጾም ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ ምግቡን የጾም አድርጉት፣ ማንንም አታስቸግሩም፤ የማይጾመውም ይበላዋል።

መንገድ ላይ በሶ የሚያህል ነገር የለም። በውድ የሚሸጠውን የስፖርተኞች ጄል ተዉት። በአንድ የብስክሌት ጠርሙስ ውሃ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ አንድ ማንኪያ ማር፣ ቆንጠር ያለ ጨው አድርጉና በደንብ በጥብጡ። ወፈር ካለባችሁ ውሃ ጨምሩ፤ ጠርሙሱ አፍ ላይ ይዘጋል። ወደ ታች ስለሚዘቅጥ ከመጠጣታችሁ በፊት እንደገና በጥብጡት። ጠርሙሱን እንደጨረሳችሁ ወዲያው አለቅልቁት፤ ከደረቀ በኋላ እንደ ሙጫ ይይዛል። ለኪስ ደግሞ ቆሎ፣ ቴምርና ሙዝ። ቆሎ ግን እየነዳችሁ አትብሉ፣ ትንታ ነው።

ስትጨርሱ ሽሮ፣ ዳቦ፣ ጀበና ቡና። ምግቡን ሰው ከቤቱ ይዞ ይምጣ። ሬስቶራንት ስፖንሰር አትፈልጉ፤ በመጀመሪያው ዓመት ምግቡን ይሰጥና በሁለተኛው ባነሩን ከቴይለር ፎቶ በላይ ስቀሉልኝ ይላል።

10. ከመበተናችሁ በፊት

ሰው ብስክሌቱን መኪና ላይ ሳይጭን የሚቀጥለውን ዓመት ቀን ተናገሩ። ከዚያ ተረካቢውን። በማኅበር ጽዋ እንደሚተላለፈው፣ ይህም በተራ ይሁን፦ የዘንድሮው አዘጋጅ የመንገዱን ማስታወሻ፣ የፈቃዱን ደብዳቤ፣ የዳገቱን ሰዓቶች የያዘ አንድ ደብተርና ፓምፑን ለከርሞው ሰው በሁሉም ፊት ያስረክብ። ሰው በተረከበው ነገር ያፍራል፤ በሰኔ መግቢያ ላይ ፓምፑን ጋራዥ ውስጥ ሲያየው ስልክ ማንሳቱ አይቀርም።

የዳገቱን ሰዓቶች በዕድሜ ሳትከፋፍሉ በስም ብቻ መዝግቡ። ሰው ከሌላው ጋር ከመፎካከር ይልቅ ከራሱ የአምና ሰዓት ጋር ይያያዛል፣ ለዚያ ሲል ብቻ የሚመለስ አለ።

የተሰበሰበ ገንዘብ ካለ ሒሳቡን በዚያው ምሽት ግሩፑ ላይ ለጥፉ፤ ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል ተረፈ፣ እከሌ ጋ ነው። ፎቶው ነገ ይደርሳል።